ከጎንደር ዳባት ያዳመጥናቸው ካሴቶች

ባለፈው ሳምንት ለስልኬ ቻርጀር ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ካለው ቤቴ ብዙም አልርቅም፤ ከተማ የምገባው ወይ ለለቅሶ ወይ ለመድኃኒት ነው። ከሱቁ በር ላይ ቆሜ ሻጩ ገመዱን እስኪፈልግልኝ ስጠብቅ፣ ፀጉሯ ግማሽ በግማሽ የሸበተ፣ ነጭ ጋውን በክንዷ የያዘች ሴት መጥታ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «የዳባቱ ማኪና!» ብላ ጮኸች። ስሜን እንኳ አልጠራችም፤ ማኪናዬን ነው የጠራችው።

«ምነው ጋሽ አድማሱ፣ ረሱኝ እንዴ? የሺ ነኝ እኮ! የአምባ ጊዮርጊሷ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ። ከኋላዎ ያለውን ወንበር ስሻማ የምኖረው!»

ያን ጊዜ አስታወስኳት። ጎንደር ቤት ተከራይታ የምትማር ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ በእኔ አውቶቡስ ነበር የምትሳፈረው። አሁን ነርስ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት። መንገዱ ላይ እንደቆምን ብዙ አወራን። «ልጆቼ ስልካቸው ሙሉ ዘፈን ነው፤ አንዱንም ግን እስከ መጨረሻው አይሰሙም» አለችኝ። «እነዚያን የእርስዎን ካሴቶች ደግሜ ልሰማ ፈልጌ፣ ስማቸውን አላውቀው ነገር። እስኪ የሚወዷቸውን ይጻፉልኝ፤ እፈልጋቸዋለሁ።»

እጽፍልሻለሁ አልኳት። ሦስት መስመር ጽፌ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ብዕሩን ስይዘው ግን ካሴት ለብቻው አይታወስም፤ መንገዱን፣ ብርዱን፣ የተሳፋሪውን ኮት ሽታ፣ ጣሪያ ላይ የታሰረውን በግ ሁሉ ጎትቶ ያመጣል። ስለዚህ የሺ፣ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቂኝ። ቤልቦተም ሱሪ አዲስ አበባ ላይ ከፋሽን ወጥቶ፣ እኛ ጎንደሮች ግን ገና አስፋልቱን የምንጠርግበት ጊዜ ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ዳቦ ከተጨመረ ሃምሳ ይሆናል። ኬላ ላይ ፈታሾች ነበሩ፤ ስለ እነሱ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ የሸሚዜን ኮሌታ ከሹራቤ በላይ አውጥቼ፣ ከጎንደር በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋ ዳባት የምትደርስ ሰማያዊ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ወለቃ ስንደርስ የሸክላ ሥራ የሚሠሩት ቤተ እስራኤሎች ድስቱንና ትንንሹን የሸክላ አንበሳ መንገድ ዳር ደርድረው ይቆሙ ነበር፤ ኋላ እነሱም ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ደህና ሁኑ እንኳ ሳንባባል። ከወለቃ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። አውቶቡሷ እያቃሰተች ስትወጣ፣ የሞተሩን ጩኸት የሚያስረሳ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቴፕ ያስገጠምኩት፤ ሁለት ስፒከር ነበረው፤ አንዱ ከጭንቅላቴ በላይ፣ ሁለተኛው ከኋላ ወንበር በላይ።

ካሴቱን የምገዛው ከአቶ ነጋሽ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ከፒያሳ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድና ጫማ ይሸጣል። አቶ ነጋሽ ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር፤ በክረምትም በበጋም ያን ቡናማ ካፖርቱን አያወልቅም። አንድ ሕግ ነበረው፦ ተቀምጠህ ሁለት ዘፈን ካላዳመጥክ ካሴት አይሸጥልህም። «ያልሰማኸውን ይዘህ ሄደህ ነገ ልትመልስልኝ ነው?» ይላል። በሩ አጠገብ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች፤ እዚያ ላይ ወታደሩም፣ ዲያቆኑም፣ የባንክ ሠራተኛውም ጎን ለጎን ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ አይቻለሁ። አዲስ ካሴት ሲከፈት የሚወጣው የፕላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። ካሴቱን ቴፕ ሲበላው ክሩን በእስክሪብቶ እየጠቀለልኩ፣ የተበጠሰውን በባለቤቴ የጥፍር ቀለም እያጣበቅኩ፣ አንዱን ካሴት አምስት ዓመት አስኬደው ነበር።

መጀመሪያ የምመክርሽ ያቺን አንቺም የምትወጃትን፣ ተሳፋሪው «ባለ ቢጫ ሻሏ» የሚላትን ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ሻል አጥልቃ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ ፀሐይ በላው። ከበስተጀርባዋ ጥሩምባና ሳክስፎን ያለው ሙሉ ባንድ ይጫወታል፤ ግን እነሱ ቢሉ ቢሉ እሷን አያስቸኩሏትም። ቀስ ብላ ነው የምትዘፍነው፤ ልብስ እንደምታጥፍ ሴት። አንደኛውን ፊት ተዪው፤ እሱ ለሰርግ ነው። ሁለተኛውን ፊት ክፈቺው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ከኮሶዬ አልፈን የወገራን ሜዳ ስንይዝ ይገጥም ነበር። ገብሱ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይሸፍናል፤ ማንም አያወራም። አሁንም ሰው ሲያስከፋኝ እሷን እሰማለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ዛሬ ማን አስከፋህ?» ትለኛለች፣ ካሴቱ ሲጀምር ሰምታ።

ሁለተኛው የፈረንጅ ነው፤ ሮክ የሚሉት። አንድ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ ቱሪስት ወደ ሰሜን ተራሮች ሲሄድ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። የእኔን ዘፈን ሲሰማ ጭንቅላቱን እየወዘወዘ ቆየና፣ ዳባት ሲወርድ ከቦርሳው አንድ ካሴት አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ሽፋኑ ላይ ባዶ ጀልባ አለ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ስለዚህ ለመፈለግ ትቸገሪያለሽ። ግን ምልክቱን ልንገርሽ፦ ሦስተኛው ዘፈን ላይ መጀመሪያ ጊታር ብቻውን ነው፤ እንደ ካፊያ ያንጠባጥባል። ከዚያ ሰውዬው በሹክሹክታ ይጀምራል። ከበሮው ሲገባ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደ በጠሰ መኪና ነው! አንድ ቀን ይህን ከፍቼ ስንሄድ፣ ከድብ ባሕር የመጡ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተጣሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ፍቅር ይዞት ነው፣ እመይቴ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «ምነው ታዲያ አይድሩለትም? ዘመድ የለውም?» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ያ ዘፈን በመጣ ቁጥር «ዛሬም አልተዳረ?» እየተባለ ብዙ ዓመት ተሳቀ።

ሦስተኛው ካሴት ግን ሽፋንም የለው። ባለ ስድሳ ደቂቃ ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ የማሲንቆ ዘፈን ነው፤ ሰው ሲያወራ፣ ብርሌ ሲጋጭ ከውስጥ ይሰማል። አቶ ነጋሽ አንድ ቀን ከመደርደሪያው ሥር አወጣና «ይሄን የማር ነጋዴ ላስቀዳ ብሎ አምጥቶት ለራሴ አንድ ቅጂ አስቀርቼ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ሁለት ዘፈን ሳይሆን አንደኛውን ፊት ጨረስኩት። ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ከሆዱ የሚወጣ ነው፤ ቃሉን አይጎትትም፤ እንደ ወሬ ይነግርሻል። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ከፈትኩት። ተሳፋሪው ወደደው፤ ከሳምንት በኋላ «ያንን ስም የለሹን» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡሷ በሰውና በባዶ ጆንያ ተሞልታ ከጎንደር ወጣን። መሐል ላይ ነጭ ሽንኩርት ሸጠው የሚመለሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ፣ ረጅም ገበሬ ተቀምጠዋል። አያ ታከለ ይባላሉ፤ አገራቸው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ነው። እኔ ያኔ በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም። ኮሶዬን ስንጠጋ ማሲንቆው እንዲህ አለ፦

«ዳልቻው በሬያችን እሱ ይመስክር፣
ሞፈሩን ጥዬ ነው የወጣሁት ካገር።»

ከኋላዬ «አቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወት ሳይ ሰውዬው ቆመዋል፤ ባርኔጣው ወድቋል።

«ምነው አያ፣ አመመዎት?»

«አቁም አልኩህ!»

ገደሉ በኩል እንዳልሆን ተጠንቅቄ ዳር ያዝኩ። ሊወርዱ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ መጥተው በጣታቸው ቴፑን አሳዩኝ። «መልሰው» አሉኝ። «ስለ በሬ ያለውን መልሰህ አሰኘው።»

መለስኩት። ሰማነው። «እንደገና» አሉ። እንደገና መለስኩት። በሦስተኛው አንድ ሰው «ኧረ እንሂድ፣ ሊመሽብን ነው» ቢል፣ አንዲት ሴት «ዝም በል! ሰውዬው እያለቀሰ አታይም?» ብላ ተቆጣችው። ካሴቱ ወደ ፊት ሄደና ቀጠለ፦

«ታላቄ ተቆጣ፣ እኔም አኩርፌ፣
እናቴን ሳልስማት ወጣሁ ከደጃፌ።»

አያ ታከለ ከጎኔ ያለው የሞተሩ ክዳን ላይ ቁጭ አሉ። «ውበቱ ነው» አሉ። «ወንድሜ ነው። ዳልቻ ያልነውን በሬያችንን ከእሱና ከእኔ በቀር ማን ያውቀዋል?»

እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እዚያው ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አባታቸው ሲሞት ውበቱ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ካደገ በኋላ ከአንድ አዝማሪ ማሲንቆ መማር ጀመረ። እሳቸውን ይህ አሳፈራቸው፤ የገበሬ ልጅ አዝማሪ ሆነ ተብሎ በሰንበቴው ሁሉ ተወራ። አንድ ቀን በእርሻ ወቅት፣ ውበቱ በሬዎቹን ጠምዶ አንድ ሁለት ፈር ካወጣ በኋላ አቁሞ ዛፍ ሥር ሲጫወት አገኙት። ማሲንቆዋን ነጥቀው በጉልበታቸው ሰበሯት። «አንድም ቃል አልመለሰልኝ» አሉ። «ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በሬዎቹን ከነቀንበራቸው እዚያው እርሻው ላይ ትቶ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመቱ። እናታችን ‹ታከለ፣ ልጄን አምጣልኝ› እንዳለች አለፈች። ሞቷል ብዬ ተዝካር ላወጣለት ሁሉ ነበር።»

ሲወርዱ እጄን ያዙኝ። «ያለበትን ፈልግልኝ። አንተ መንገደኛ ነህ።»

በማግስቱ አቶ ነጋሽን ጠየቅኩት። የማር ነጋዴው ከአይከል እንደሚመጣ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ጠበቅን። አያ ታከለ በየገበያው ቀን ወደ እኔ ይመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው «እህሳ?» ይላሉ። «ገና ነው፣ አያ» እላለሁ። ሳምንቱ ስድስት ሆነ። የምፈራው ሌላ ነበር፦ ካሴቱ የቆየ ቢሆንስ? ድምፁ ቀርቶ ሰውዬው ባይኖርስ? ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። በሰባተኛው ሳምንት አቶ ነጋሽ ካፖርቱን ለብሶ፣ እየሮጠ መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አለ! በሕይወት አለ! አይከል ውስጥ ሰርግ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጅ አለው!»

ይህን ስነግራቸው አያ ታከለ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «አልሄድም» አሉ።

«ምነው?»

«ምን ብዬ ፊቱ ልቁም? እናቱን እንኳ አላቆየሁለት።»

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፤ ለሽማግሌ ምክር የምሰጥ ሰው አልነበርኩም። ግን ያን ካሴት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «አያ፣» አልኳቸው፣ «በሬውን በስሙ እየጠራ የሚዘፍን ሰው ቤቱን አልጠላም።» ቆይተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ለመቼ ነው?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአቶ ነጋሽን አሮጌ መኪና ተውሼ ሁለታችን ወጣን። በአዘዞ አድርገን፣ አይከል ወዳለችበት ወደ ጭልጋ። አያ ታከለ አዲስ የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። አይከል ደርሰን ስንጠይቅ «ውቤን? አሁን እዚያ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነበር» አሉን። ፀጉር አስተካካዩ ዋርካ ሥር ወንበር ዘርግቶ፣ መስታወቱን ግንዱ ላይ ሰቅሎ ይሠራል። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሰው ተቀምጧል። አያ ታከለ ከኋላው ሄደው ቆሙ። ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ አያቸው።

አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እኔ ልባቸው ሊቆም ነው ብዬ ፈርቼ ጠጋ አልኩ። አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ዳልቻ ሞተ» አሉ።

ውበቱ በመስታወቱ እያያቸው «መቼ?» አለ።

«በሄድክ በአራተኛው ዓመት።»

«እናቴስ?»

አያ ታከለ አንገታቸውን ደፉ። ውበቱ ዓይኑን ጨፈነ። አረፋው ጉንጩ ላይ እየወረደ በእንባው ተቀላቀለ። ከዚያ አያ ታከለ ትልቁን እጃቸውን የወንድማቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። «ተላጭተህ ጨርስ» አሉት። «እጠብቅሃለሁ።»

ተላጭቶ ሲነሳ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አስተካካዩም አለቀሰ፤ እኔ ማልቀሴን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር፤ አሁን ታንብበው። ኋላ ውበቱ ቤት ተቀምጠን፣ ሚስቱ ያቀረበችውን ስንበላ፣ አያ ታከለ እንጀራውን ሳይቆርሱ «ያቺን ማሲንቆ…» ብለው ጀመሩ፤ መጨረስ አቃታቸው።

«ይተዋት፣ አያ» አለ ውበቱ። «ድምጿም ሸጋ አልነበረም።»

ያን ጊዜ ነው አያ ታከለ ሲስቁ መጀመሪያ ያየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ውበቱ ለፋሲካ ለፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ይመጣ ነበር፤ የእናቱን ተዝካር እንደገና አወጡ፤ የአያ ታከለን ልጆች ሁሉ በማሲንቆው የዳረው እሱ ነው። አያ ታከለ ሸምግለው፣ ጠግበው ነው የሞቱት። ካሴቷን፣ የሺ፣ ፒያሳ አንድ ሱቅ ሄጄ ስልኬ ላይ አስገልብጫታለሁ፤ ስትመጪ ወደ ስልክሽ እልክልሻለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የማሲንቆው ጅማት ላላ ሲል ትሰሚያለሽ፤ ካሴቱ የተበላሸ እንዳይመስልሽ።

ይህን እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርሽ። ያን እሑድ ከሰዓት ውበቱን ይዘን፣ የእናቱን መቃብር ሊያይ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንመለስ፣ ወንድማማቾቹ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ካሴቱን በመኪናው ቴፕ ከፈትኩት። ውበቱ በሕይወቱ የራሱን ድምፅ በቴፕ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወደ ፊት አጎንብሶ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። አዎ ስለው ደነገጠ፤ ከዚያ ያፍር ጀመር፤ ከዚያ እንደ ሁሉም ዘፋኝ ስሕተቱን መቁጠር ያዘ። «እዚህ ጋ ጅማቷ ላልታብኛለች። እዚህ ጋ ቸኮልኩ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ይሄን ግጥም እንኳ ዛሬ ቢሆን…»

አያ ታከለ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ዓይናቸውን ሳይመልሱ፣ በእጃቸው የወንድማቸውን ጉልበት ያዝ አደረጉ።

«ዝም በል እስቲ» አሉት። «ላዳምጥበት።»